ብርጭቆ ሲሰበር ያየው ማነው?

ተራ የመስኮት መስታወት ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁ በሰከንድ እስከ 1500 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ እስቲ በሌላ ነገር እንለካው። ድምፅ አየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ስንጥቁ ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን መስታወት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሰንጠቅ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ዐሥር ሺህኛ ነው። ዓይናችሁን አንዴ ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ድረስ እንዲህ ያለ መስታወት ከሺህ ጊዜ በላይ ተሰንጥቆ ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ብርጭቆ ሲሰበር በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ያየነው መጀመሪያ ሙሉ ብርጭቆ ነው፣ ቀጥሎ ስብርባሪ። መሃሉን ማንም አላየውም።

ታዲያ 1500 የሚለውን ቁጥር ማን ለካው? በምን?

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ኢንጂነሪንግ ስማር ስለ ስብራት የተማርኩት ግራፍ ላይ ነበር፦ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ላይ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል፣ በቃ። ኤክሱ «እዚህ ጋ ተሰበረ» ማለት ነው። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ግን ብዙ ቀን የማሳልፈው ከኤክሱ በኋላ ባለው ነገር ነው። ሲስተሙ ሌሊት ይወድቃል፣ ማንም ሲወድቅ አላየውም፣ ጠዋት የቀረውን እያገላበጥን ምን እንደተፈጠረ እንፈልጋለን። የስብራትን ሳይንስ ታሪክ ማንበብ ስጀምር ቶሎ የሳበኝም ለዚህ ነው። ሰዎቹ የእኔን ዓይነት ችግር ይዘው ነበር፣ ግን የእነሱ «ሌሊት» ከሰከንድ ሺህኛ ያንሳል።

ይህ ታሪክ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የፈጠነ ዓይን የመሥራት መንገድ ነው። ሌላው የሚሰበረው ዕቃ ራሱ የደረሰበትን እንዲጽፍ የማድረግ መንገድ። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። ግን 1500 በሚለው ቁጥር ላይ ለዐሥርት ዓመታት የቆየውን ጥያቄ በዋናነት የፈታው ሁለተኛው ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የንጉሡ መጫወቻ

በ1660 ገደማ የራይኑ ልዑል ሩፐርት አንድ የሚገርም ነገር ወደ እንግሊዝ ይዞ መጣና ለአጎቱ ልጅ ለንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ አሳየው። የቀለጠ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲንጠባጠብ የሚሠራ ፍሬ ነው፤ ራሱ ድቡልቡል፣ ጭራው ረጅምና ቀጭን። ራሱን በመዶሻ ብትመቱት አይሰበርም። ጭራውን በጣታችሁ ቆልመም ብታደርጉት ግን ሙሉ በሙሉ፣ ከነራሱ፣ ዱቄት ሆኖ ይፈነዳል። ንጉሡ ነገሩን ያጣሩ ዘንድ በ1661 ለሮያል ሶሳይቲ ሰጣቸው።

ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። ጠብታው ውሃ ውስጥ ሲገባ ቆዳው ቀድሞ ይጠነክራል። ውስጡ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ መኮማተር ይፈልጋል፣ ግን የጠነከረው ቆዳ አያስኬደውም። ስለዚህ ውስጡ እንደተሳበ፣ ቆዳው ደግሞ እንደተጨመቀ ይቀራል። ስንጥቅ እንዲከፈት የሚስበው ነገር ያስፈልገዋል፤ የተጨመቀ ቆዳ አፉን ይዘጋበታል፤ መዶሻው የሚሸነፈው ለዚህ ነው። ጭራው በኩል ግን ስንጥቁ ወደተሳበው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። ዛሬ የስልክ መስታወትና የመኪና የጎን መስታወት የሚጠነክሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፦ ቆዳው ተጨምቆ።

ለእኔ የታሪኩ ጀግና ግን ልዑሉ ሳይሆን ሮበርት ሁክ ነው። ሁክ በ1665 በታተመው ማይክሮግራፊያ በተባለው መጽሐፉ ስለ እነዚህ ጠብታዎች ጽፏል። ችግሩ ግልጽ ነበር፦ ጠብታው ሲፈነዳ ስብርባሪው ይበተናል፣ ለመመርመር የሚቀር ነገር የለም። መላ ፈጠረ። ጠብታውን ከዓሣ በሚሠራ ጥርት ያለ ሙጫ ቀባው፣ ሙጫው ሲደርቅ ጭራውን ሰበረው። መስታወቱ ውስጥ ለውስጥ ደቀቀ፣ ሙጫው ግን እያንዳንዷን ቅንጣት በቦታዋ ያዛት። ሁክም ስንጥቆቹ በየት በኩል እንደሄዱ ተረጋግቶ አየ።

ፍጥነቱን አልለካም፤ የሚለካበት ነገር አልነበረውም። ግን ማየት የማይቻለውን ነገር አሻራውን አቁሞ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ጠብታው ሲፈነዳ በካሜራ ተይዞ ፍጥነቱ እስኪለካ ከ320 ዓመት በላይ ፈጀ፦ በ1994 ካምብሪጅ ውስጥ ቻንድራሴካር እና ቻውድሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ፍሬም በሚያነሳ ካሜራ ቀረጹት። ስንጥቁ ከጭራ ወደ ራስ በሰከንድ ከ1450 እስከ 1900 ሜትር ይሮጥ ነበር።

ጨለማውን እንደ መዝጊያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካሜራ ነበር፣ ግን ዘገምተኛ ነበር። መዝጊያው ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ብቻ ቢከፈት እንኳ በዚያች ጊዜ ስንጥቁ አንድ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ፎቶው ላይ የሚወጣው ብዥታ ነው፣ ወይም ጭራሽ ያለቀለት ነገር።

መውጫው መዝጊያውን ማፍጠን አልነበረም። ክፍሉን አጨልመህ፣ የካሜራውን ሌንስ ክፍት ትተህ፣ እጅግ አጭር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ታበራለህ። ፊልሙ የሚያየው ብልጭታው የበራበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ኤርንስት ማክ እና ፒተር ዛልሸር በ1887 የሚበር ጥይትንና ጥይቱ አየሩ ላይ የሚፈጥረውን የሾለ ሞገድ በዚህ ዘዴ አሳዩ። ይቺን ሾጣጣ ሞገድ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትመጣለች።

ግን አንድ ፎቶ ስንጥቁ የት እንዳለ ይነግረናል እንጂ ምን ያህል እንደሚፈጥን አይነግረንም። ለፍጥነት ቢያንስ ሁለት ፎቶ፣ በመሃላቸውም የታወቀ ጊዜ ያስፈልጋል።

በ1929 በርሊን ውስጥ ካርል ክራንዝ እና ተማሪው ሁበርት ሻርዲን መልሱን ይዘው መጡ። ሐሳቡን ሳነበው ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ በጣም ቀላል ነው። 24 ብልጭታ ሰጪዎችን ጎን ለጎን ደረደሩ። ከፊታቸው የሚሰበረው ነገርና አንድ ትልቅ ሌንስ፣ ከሌንሱ ወዲያ 24 ትንንሽ የካሜራ ሌንሶች። ትልቁ ሌንስ የእያንዳንዱን ብልጭታ ብርሃን ወደ ራሱ ትንሽ ሌንስ ብቻ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ብልጭታዎቹ በተራ በተራ ሲበሩ 24 ፎቶ በአንድ ባልተንቀሳቀሰ ፊልም ላይ፣ እያንዳንዱ በየቦታው ይቀመጣል። የሚሽከረከር የለም፣ የሚከፈት የሚዘጋ የለም። ሰዓቱም ኤሌክትሪኩ ነው። በዚህ መንገድ በሰከንድ እስከ 300 ሺህ የሚደርስ ፎቶ ማንሳት ቻሉ፣ በ1929!

ይሄን ሁሉ ወጪ ማን ቻለው? እውነቱ ያስከፋል። ክራንዝ የባሊስቲክስ፣ ማለትም የጥይትና የመድፍ አካሄድ ፕሮፌሰር ነበር። ሻርዲን በ1930ዎቹ ናዚ ጀርመን ውስጥ በአየር ኃይሉ የቴክኒክ አካዳሚ የባሊስቲክስ ተቋም መሪ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፈረንሳዮች እሱንና ባልደረቦቹን ሳን ሉዊ ወደምትባል የድንበር ከተማ ወስደው ሥራውን አስቀጠሉ። አሜሪካም ውስጥ ታሪኩ ይመሳሰላል፦ የኤምአይቲው ሃሮልድ ኤጀርተን በፍላሽ መብራቱ የመስታወት ስብራትን ለካ፣ ቆይቶ ደግሞ እሱ የመሠረተው ኩባንያ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎችን ፎቶ አነሳ። ብርጭቆ እንዴት እንደሚሰበር ለማወቅ ብቻ ብሎ ገንዘብ የሚመድብ መንግሥት አልነበረም። ዕውቀቱ የመጣው ከመሣሪያው ጋር ተለጥፎ ነው።

ሻርዲን ካሜራውን ወደ መስታወት ሲያዞረው ያገኘው ነገር ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። ስንጥቁ ሲነሳ ወዲያው ይፈጥናል፣ ከዚያ አንድ ፍጥነት ላይ ይደርስና እዚያው ይቆያል። መስታወቱን የበለጠ ብትመቱት ስንጥቁ አይፈጥንም። ይልቁንስ ይበዛል፤ አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ከመፍጠን ይልቅ ሌላ መኪና የሚወልድ መኪና አስቡ። እያንዳንዱ የመስታወት ዓይነት የራሱ ጣሪያ አለው፣ ለተራው የመስኮት መስታወት 1500 ሜትር አካባቢ።

ሒሳቡ አይገጥምም

አሁን ጠቡ ይጀምራል።

በ1920 አለን ግሪፊዝ የተባለ፣ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ያለ እንግሊዛዊ ኢንጂነር በፋርንበራ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ውስጥ እየሠራ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ መስታወት አተሞቹ ከተያያዙበት ጥንካሬ አንጻር ሲታይ ለምን እንዲህ በቀላሉ ይሰበራል? መልሱ የሒሳብ መዝገብ ይመስላል። ሁሉም መስታወት ላይ በዓይን የማይታዩ ጭረቶች አሉ። ጭረት ሲረዝም በዙሪያው ታምቆ የነበረ ኢነርጂ ይለቀቃል፤ ይሄ ገቢ ነው። ሲረዝም ደግሞ አዲስ ገጽ ይፈጠራል፣ አዲስ ገጽ ለመፍጠር ኢነርጂ ይጠፋል፤ ይሄ ወጪ ነው። ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ስንጥቁ ይሮጣል። ግሪፊዝ እጅግ ቀጫጭን የመስታወት ክሮችን እየሳበ ሲሞክር ክሩ በቀጠነ ቁጥር ጥንካሬው ብዙ እጥፍ ሲጨምር አየ።

ገቢው ከወጪው ሲተርፍስ? ትርፉ ወደ እንቅስቃሴ ይሄዳል፤ ስንጥቁ ይፈጥናል። እስከ ስንት? በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ኔቪል ሞት፣ ቀጥሎም ሌሎች ይህን አሰሉ፤ ገደቡ ላይ ተስማሙ። ገደቡ የሬሌ ሞገድ ፍጥነት ነው፣ ማለትም ሎርድ ሬሌ በ1885 ያሳየው በጠጣር ነገር ገጽ ላይ የሚጓዝ ሞገድ። ሐሳቡ ይገባል፦ ስንጥቅ ማለት ሁለት አዲስ ገጾች ናቸው፤ ገጽ ላይ መልእክት ከሚጓዝበት ፍጥነት በላይ ሲከፈት ወጪውን የሚሸፍን ኢነርጂ ጫፉ ጋ አይደርስለትም።

በመስታወት ውስጥ ይህ ገደብ በሰከንድ 3000 ሜትር አለፍ ይላል። የተለካው 1500። ግማሽ!

ትንሽ ልዩነት ቢሆን ኖሮ «መሣሪያው ነው» ይባል ነበር። ግን በሻርዲን ብልጭታም፣ በኤጀርተን ፍላሽም ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ ወይ ቲዎሪው አንድ መሠረታዊ ነገር ስቷል፣ ወይ ሁሉም ሰው የሚለካው ነገር የመሰለው ነገር አይደለም። በ1951 ኤሊዛቤት ዮፌ ስንጥቁ ሲፈጥን ከፊቱ ያለው ውጥረት ከቀጥታው መስመር ወደ ጎን እንደሚዞር በስሌት አሳየች፤ ይሄ ስንጥቅ ለምን እንደሚቀነጠስ ፍንጭ ይሰጣል። ግን ያ የሚሆነው እሷ ባገኘችው ፍጥነት ነው፤ በተግባር ስንጥቆቹ ከዚያ በታች ሆነው ይቀነጠሱ ነበር። ጥያቄው እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ዕቃው ራሱ ሲጽፍ

ካሜራዎቹ እየፈጠኑ ሲሄዱ ጎን ለጎን ሁለተኛው መንገድም እያደገ ነበር። ለዚህ ወደ 1914 ልመልሳችሁ።

በርትራም ሆፕኪንሰን የካምብሪጅ ፕሮፌሰር ነበር። ፈንጂ ሲፈነዳ ወይም ጥይት ብረት ሲመታ ግፊቱ ስንት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ ፈለገ። ኮምፒውተር የለም፣ ለዚህ የሚበቃ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የለም። የነበረው የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉን አግድም አንጠልጥሎ አንዱን ጫፍ ያስመታዋል። ምቱ በብረቱ ውስጥ እንደ ሞገድ በሰከንድ 5000 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ የሰከንድ አምስት ሺህኛ ይፈጅበታል። በሌላኛው ጫፍ ላይ ከዚያው ብረት የተቆረጠ አጭር ቁራጭ በስሱ ተለጥፏል። ሞገዱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲመለስ መግፋቱ ወደ መሳብ ይቀየራል፤ ያኔ ቁራጩ ተላቆ ይወረወራል፣ ከምቱም የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል። ቁራጩ ሲረዝም ይዞት የሚሄደው ይበዛል። በቂ ሲረዝም ሁሉንም ይወስደውና ዘንጉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቀራል። እንግዲህ ቁራጩን እያስረዘመና እያሳጠረ ጊዜን በርዝመት ለካ ማለት ነው። ዘንጉ ራሱ ሰዓት ሆነ።

በ1949 ኸርበርት ኮልስኪ ዘንጉን ለሁለት ከፍሎ የሚፈተነውን ነገር መሃል ላይ አስገባ፤ ዛሬ ኮንክሪት፣ ድንጋይና ሴራሚክ በድንገተኛ ምት ምን እንደሚሆኑ የሚፈተነው በዚሁ ዘዴ ነው። የሆፕኪንሰን ሙከራ ሌላም ነገር ያስረዳል፦ የኮንክሪት ግድግዳ ከፊት ተመትቶ ከጀርባው ለምን እንደሚፈረፈር። ሞገዱ ጀርባው ላይ ደርሶ ሲመለስ ይስባል፣ ኮንክሪት ደግሞ መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው።

በ1939 ሄልሙት ቫልነር የተሰበረ መስታወት ገጽ ላይ የሚታዩትን ስስ፣ ጎበጥ ያሉ መስመሮች ምንነት አብራራ። ስንጥቁ ሲሮጥ ጠርዝ ላይ ያለች ጭረት ይነካል፤ ከጭረቷ አንዲት ትንሽ የድምፅ ሞገድ ትነሳለች። ሞገዷ እየሮጠች ከስንጥቁ ፊት ጋር ትገናኝና ለቅጽበት ታዛንፈዋለች። የተዛነፈበት ቦታ መስታወቱ ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል። የመስመሩ ጎባጣነት ስንጥቁ ከድምፁ አንጻር ምን ያህል ይፈጥን እንደነበር ይናገራል።

ፍራንክ ኬርክሆፍ ደግሞ በ1953 «ሞገዱ በአጋጣሚ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን?» ያለ ይመስላል። መስታወቱ እየተሰበረ ሳለ ከጎን የታወቀ ድግግሞሽ ያለው አልትራሳውንድ ላከበት። እያንዳንዱ ሞገድ ስንጥቁን ትንሽ ያወዛውዘዋል፣ ገጹ ላይም ከፀጉር እጅግ የቀጠነ እጥፋት ይተዋል። ሞገዱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ፣ በሁለት እጥፋቶች መሃል ያለው ርቀትም 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ስንጥቁ በሰከንድ 1500 ሜትር እየሄደ ነበር ማለት ነው። ማባዛት ብቻ። እጥፋቶቹ ሲቀራረቡ ዘግይቷል፣ ሲራራቁ ፈጥኗል።

ሎግ ጽፎ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በየመስመሩ ሰዓት የታተመበት ሎግ ነው፣ የጻፈውም የወደቀው ሲስተም ራሱ። ስባሪውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ከዓመት በኋላም ማንበብ ይቻላል።

አንድ አልነበረም

የተሰበረ መስታወት ገጽ ሦስት ሰፈር እንዳለው ከጥንት ይታወቃል። ስንጥቁ የተነሳበት አካባቢ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። ከዚያ ጉም የለበሰ የሚመስል ደብዛዛ ቦታ ይመጣል። ከዚያ ሻካራ፣ በትናንሽ ሸንተረር የተሞላ። የጥናቱ ሰዎችም ስማቸውን በዚያው መንገድ አውጥተውላቸዋል፤ መስታወት፣ ጉም፣ ሻካራ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው ይሄን እንደ ስብራቱ ውጤት እንጂ እንደ ማስረጃ አላየውም።

በ1984 ካልቴክ ውስጥ ራቪ ቻንዳር እና ክናውስ ሆማላይት በሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ተከታታይ ሙከራ አደረጉ። የሚሮጠውን ስንጥቅ በፈጣን ካሜራ ያነሳሉ፣ ከዚያ ገጹን ይመረምራሉ፣ ሁለቱን ያነጻጽራሉ። ደምድመው ያሉት፦ ፈጣን ስንጥቅ አንድ ሹል ጫፍ አይደለም፤ ጎን ለጎን አብረው የሚያድጉ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ስብስብ ነው።

በ1991 ደግሞ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ጄይ ፋይንበርግና ባልደረቦቹ ካሜራውን ጭራሽ ተዉት። የፕሌክሲግላስ ሰሌዳ ወስደው ጎኑን በስስ አሉሚኒየም ቀቡት፣ በአሉሚኒየሙም ኤሌክትሪክ አሳለፉ። ስንጥቁ ሲሮጥ አሉሚኒየሙንም ይቆርጠዋል፤ በተቆረጠ ቁጥር ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ይጠባል፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ሬዚስታንሱን በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ከመዘገባችሁ ስንጥቁ በየቅጽበቱ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። የክራንዝና የሻርዲን ካሜራ 24 ነጥብ ይሰጣል፤ ይሄ ሺዎችን ሰጠ።

ብዙ ነጥብ ሲገኝ ያ ቀጥ ያለ የተባለው የፍጥነት መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም። ስንጥቁ በሰከንድ እስከ 340 ሜትር ገደማ ድረስ በእርጋታ ይፈጥናል፤ ይህ በፕሌክሲግላስ ውስጥ ካለው የሬሌ ፍጥነት ከመቶ 36 ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ልክ በዚያው ቦታ ገጹም መሻከር ይጀምራል። ስንጥቁ ከጎኑ ትናንሽ ቅርንጫፎች ያወጣል፤ ጥቂት ይሄዱና ይሞታሉ፣ ሌሎች ይተካሉ።

በ1996 ኤራን ሻሮን፣ ስቲቨን ግሮስ እና ፋይንበርግ የቅርንጫፎቹን ገጽ ሁሉ ለክተው ደመሩት። የሄደው ኢነርጂ ከተፈጠረው ጠቅላላ ገጽ ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ። የጠፋው ትርፍ አልጠፋም ነበር፣ ቅርንጫፎች ላይ ነው የወጣው። በ1999 ደግሞ ሻሮን እና ፋይንበርግ ስንጥቁ ብቻውን፣ ያለ ቅርንጫፍ የሚሮጥባቸውን ቅጽበቶች ለይተው ከቲዎሪው ጋር አስተያዩ። ገጠመ።

ቲዎሪው ልክ ነበር። የሻርዲን 1500ም ልክ ነበር። ያልገጠመው «ስንጥቁ» የሚለው ቃል ነው። ቲዎሪው የሚያወራው ስለ አንድ ስንጥቅ ነው፣ ካሜራው ያየው ደግሞ እየተሰነጣጠቀ የሚሄድ መንጋ ነው። መንጋ እንደ አንድ ሰው አይሮጥም።

እኔ በዚህ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሰሌዳ የሚያሳየው አማካይ ቁጥር ነው፤ አማካዩ አይዋሽም፣ ግን «ስንት ነገር ተደምሮ ነው?» ብሎ ያልጠየቀውን ሰው አይነግረውም። እዚህም ፍንጩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ገጹ ላይ ተጽፎ ነበር፣ በጉሙና በሻካራው። ካሜራው የሚሮጠውን ሲከታተል ማስረጃው መሬት ላይ ወድቆ ነበር።

ማዘግየት፣ ከዚያ መሬቱ

ፋይንበርግ በኋላ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥያቄውን ገለበጠው፦ ካሜራውን ከማፍጠን ስንጥቁን ለምን አናዘገየውም? እንደ ጄላቲን የሚለጠጥ፣ ግን እንደ መስታወት የሚሰበር ጄል ተጠቀመ። በእንዲህ ያለ ጄል ውስጥ ሞገድ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስንጥቁም እንደዚያው። ፊዚክሱ ያው ሆኖ ነገሩ ከመስታወት በመቶዎች እጥፍ ይዘገያል። በ2023 የዚሁ ላብራቶሪ ሰዎች በጣም የተለጠጠ ጄል ውስጥ ተስቦ የሚከፈት ስንጥቅ የሬሌን ገደብ ጥሶ ሲሮጥ እንዳዩ አሳተሙ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቆመው ጣሪያ ለሁሉም ጊዜ ጣሪያ አልነበረም ማለት ነው።

በመንሸራተት ለሚሄድ ስንጥቅ ግን ጣሪያው ቀደም ብሎ ተጥሶ ነበር። በ1999 የካልቴኩ አሬስ ሮዛኪስና ባልደረቦቹ ደካማ መጋጠሚያ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ስንጥቅ ከሸር ሞገድ፣ ማለትም ጎን ለጎን ከሚያወዛውዘው ሞገድ፣ ፈጥኖ ሲሄድ ቀረጹ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቱርክ ውስጥ ኢዝሚት አካባቢ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። በኋላ መዝገቦቹ ሲመረመሩ ስብራቱ በመሬቱ ስንጥቅ አንድ ክፍል ላይ ከሸር ሞገድ ፈጥኖ እንደነበር ታየ።

በ2004 ሮዛኪስ ከካይዌን ሺያ እና ከሂሮ ካናሞሪ ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ትንሽ የምድር መንቀጥቀጥ ሠራ። ሁለት ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች በሰያፍ ተጋጥመው ይጨመቃሉ፤ መጋጠሚያው ላይ ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ይፈነዳል፤ መንሸራተቱ ከዚያ ይነሳል። ፕላስቲኩ ሲወጠር ብርሃን በውስጡ የሚያልፍበት ሁኔታ ይቀየራል፤ ዴቪድ ብሩስተር ይህንን በ1810ዎቹ ነው ያስተዋለው። ስለዚህ በልዩ ማጣሪያ ሲታይ ውጥረቱ በጨለማና ብርሃን ጥብጣቦች ይሳላል። በፎቶዎቹ ላይ ከስብራቱ ጫፍ ወደ ኋላ የተዘረጋ የሾለ ሞገድ ይታያል። ያዙልኝ ያልኳት የ1887ቱ ሾጣጣ፣ የማክ ጥይት ላይ የነበረችው፣ ያቺው ናት። ልዩነቱ እዚህ ጥይቱ ስንጥቅ ነው፣ አየሩ ደግሞ መሬት። እንዲህ ያለ ሞገድ ኃይለኛ መንቀጥቀጥን ከስንጥቁ ርቆ ወዳለ ሕንፃ ይዞ ይሄዳል፤ ከዚህ በኋላ የስንጥቅ ፍጥነት የጓዳ ጥያቄ ብቻ አይሆንም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ንባብ

ይሄን ሁሉ ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ወፈር ያለ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ ሲሰበር ከመጥረጋችሁ በፊት አንድ ትልቅ ስባሪ በጥንቃቄ አንሱና የተሰበረውን ጠርዝ ወደ ብርሃን ያዙት። መጀመሪያ ለስላሳውን ቦታ ፈልጉ፤ ስብራቱ የተጀመረበት ሰፈር እሱ ነው። ዙሪያውን ጉሙ፣ ከጉሙ ወዲያ ሻካራው ሊታያችሁ ይችላል። በለስላሳው ላይ ጎበጥ ያሉ ስስ መስመሮች ካያችሁ የቫልነር መስመሮች ናቸው።

ለስላሳው ቦታ ትንሽ ከሆነ ብርጭቆው ሲሰበር ትልቅ ውጥረት ላይ ነበር። ሰፊ ከሆነ ትንሽ ውጥረት በቂው ነበር። ግንኙነቱም በቁጥር ይታወቃል፦ የለስላሳው ቦታ ራዲየስ አራት እጥፍ ሲሆን ውጥረቱ ግማሽ ነበር ማለት ነው። የፈነዳ ጠርሙስ ወይም የተሰበረ የሕንፃ መስታወት ሲያጋጥም ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያጣሩ ባለሙያዎች ከሚያዩት ነገር አንዱ ይሄ ነው። ለስላሳው ሰፈር ጠቅላላ ጠርዙን ከሸፈነ ደግሞ ብርጭቆው የተሰበረው በትንሽ ነገር ነው፤ ጭረቱ አስቀድሞ እዚያው ነበር።